ድምፅ የሌለው የልጄ ትምህርት

ልጄ ሲሞት አላለቀስኩም። ሰው በዚህ ታዝቦኛል፤ ይታዘበኝ። ሬሳው በደብረ ብርሃን በኩል ሲመጣ መንገዱ ክፍት ነበር፣ ዝናቡም አባርቶ ነበር፣ ከአንኮበር በታች ባለችው አጥቢያችን ቀበርነው። ከቀብር መልስ ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። በማግስቱ ከብቶቹን አወጣሁ። አብሮ አደጌ የሆነ አንድ ቄስ አለ፣ እሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ደረትህን ምታ እንጂ፤ የታፈነ እንባ ሰው ይገድላል" አለኝ።

"ካልመጣ ከየት ላምጣው?" አልኩት።

እውነቴን ነው። ብዙ ቁጭ ብለህበት እንደ ደነዘዘ እግር ነበርኩ። እግሩ ያንተ መሆኑን ታውቃለህ፣ ብትቆነጥጠው ግን አይሰማህም። ዛሬም ይህን ስጽፍ እንደዚያው ነኝ። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስሜን ከመጻፍ ያለፈ ብዙም አልሠራሁበትም፤ ስለዚህ የተጣመመ ነገር ብታዩ እለፉት።

ልጄ የሒሳብ መምህር ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ አልበደሉኝም፣ ስማቸውን በከንቱ የማነሳበት ምክንያት የለኝም። ለለቅሶው በአውቶቡስ ሆነው መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከባልደረቦቹ አንዱ ተነስቶ፣ "እሱ አልሞተም፤ ያስተማረው ሁሉ በቪዲዮ ተቀርጾ አለ፣ ገና የሚመጣው ተማሪ ይማርበታል" ብሎ ተናገረ። እኔ የለቅሶ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ለቅሶ ላይ የማይባል ነገር የለም። ባለቤቴ ግን ይዛዋለች።

ባለቤቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። መጀመሪያ ጭጋግ የመጣ መስሏት ነበር፤ እኛ አገር ጭጋግ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ቤት ድረስ ስለሚገባ ማንም አይገርመውም። የሌላው ሰው ጭጋግ ሲነሳ የሷ ሳይነሳ ቀረ። ለለቅሶው የልጁን ፎቶ በትልቁ አሠርተው አምጥተው ነበርና፣ ሴቶቹ ተቀባብለው ካለቀሱበት በኋላ እሷንም አሳቀፏት። በጣቷ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው።

"መስታወት ነው" አለችና መለሰችላቸው።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ "ድምፁ አለ አሉ" አለችኝ።

"የለቅሶ ወሬ ነው።"

"ተቀርጿል አለ ሰውዬው። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬ አልጠፋም።"

"ቢቀረጽስ? ሒሳብ ነው። ምን ይረባሻል?"

"አንተ የምትናገረው ምን ይረባኛል? እሰማህ የለ እንዴ።"

እንዲህ ናት። አገሩ እኔን ግትር ይለኛል፤ ከሷ ጋር ኖሮ ያየ ሰው ስለሌለ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ፣ "መቼ ነው የምትሄድ?" ትለኛለች። ገብሱ ይታጨድ አልኳት። ታጨደ። ይወቃ አልኳት። ተወቃ። ከዚያ ሰበብ አለቀብኝና ጎህ ሳይቀድ ጋቢዬን ደርቤ ከጎረቤላ ሚኒባስ ያዝኩ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ፈተሸኝና፣ "ማን ጋ ነዎት አባባ?" አለኝ።

"ልጄ ጋ።"

"ይደውሉለትና መጥቶ ይቀበልዎ። እንግዳ ዝም ብሎ አይገባም።"

"ሞቷል" አልኩት።

ጥበቃው እጁን ከኪሴ አወጣ። መታወቂያዬን እንኳ ሳያይ መልሶ ሰጠኝና በጣቱ ሕንፃውን አሳየኝ።

የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒዩተር የምትጠብቅ አንዲት ሴት አለች፣ በዕድሜ ከልጄ ትንሽ ከፍ የምትል። ማን መሆኔን ስነግራት አለቀሰች። እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት፤ እናቱ ዓይን የላትም፣ ድምፁን መስማት ትፈልጋለች፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም አልኳት።

"ይሄማ ቀላል ነው አባባ! አሁን ነው የምሰጥዎ" አለችና ወንበር ሳበችልኝ።

ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ ስታደርግ ልጄ ብቅ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ጽፎ ጽፎ ዞረና አፉን ከፈተ። ምንም አልተሰማኝም።

"ጆሮዬ ነው?" አልኳት።

"አይደለም፣ ቆይ እስቲ።" አንድ ነገር ጠመዘዘች፣ አንዱን ገመድ ነቅላ ሌላ ሰካች። ልጄ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሌላ ቪዲዮ ከፈተች። እዚያም ያው ነው። ሌላ ደገመች። ልብሱ ተለወጠ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ተለወጠ፣ ድምፅ የለም። እጇ መፍጠን ጀመረ። በኋላ ስልኳን አነሳችና፣ "አንተ፣ ባለህበት ጥለኸው አሁኑኑ ና" አለች።

የመጣው ከማዕከል ነው። ነገሩን እነሱ እየተጨቃጨቁ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒዩተር ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማዕከል የሚሉት ነው፣ ለግቢው በሙሉ ይሠራል። ሁለተኛው በየትምህርት ክፍሉ ያለ ነው፣ እንደዚህችው ሴት። ትምህርት በቪዲዮ ይቀረጽ ሲባል የማን ሥራ ነው ተባባሉና በስብሰባ ተካፈሉት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሜራ፣ ሽቦውና የተቀረጸው ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቁ ዕቃ የማዕከል ሆነ። መምህሩ ደረቱ ላይ የሚሰካት ትንሿ ማይክራፎንና ባትሪዋ፣ ደግሞም ለተቀረጸው ስም ማውጣት የክፍሉ ሆነ። ካሜራው የራሱ ጆሮ የለውም። የሚሰማው በማይክራፎኗ ነው።

የማዕከሉ ሰው ረጅም ነው፣ እየሳቀ ነው የገባው። "ደግሞ ምን አበላሸሽ?" አላት። ሴትዮዋ ወደ እኔ አመለከተችና የማን አባት እንደሆንኩ ነገረችው። ሳቁን ተወ። ሁለት እጄን ይዞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቪዲዮውን አየው።

"ድምፅ የለውም" አለ።

"እሱንማ እኔም አይቻለሁ! የት ሄደ ነው የምልህ?"

"የትም አልሄደም። መጀመሪያም አልነበረም። ማይክ አላደረገም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትቀርጹ ድምፅ እንደሌለው አታዩም ነበር?"

"እኛ ሥዕሉ መምጣቱን ነው የምናየው። ድምፁ የክፍሉ ነው፣ ስብሰባው ላይ ነበርሽ። ማይኩ በማን ስም ነው?"

"በስሜ ነው።"

"እና ምን ላድርግ? ቁምሳጥንሽን ልስበር?"

"መንገር ማንን ገደለ?"

"ነግረናል፣ ጽፈናል።"

"ለማን?"

"ለክፍሉ።"

"ክፍሉ ማነው? ግድግዳው ነው? እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ፣ በቀን ሁለቴ በበሬ ታልፋለህ!"

የመንግሥት ዕቃ በስምህ ከተመዘገበ ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኛ የሆነ ሰው ያውቃል። ጠፋ ከተባለ አንተ ነህ ተጠያቂው። ሴትዮዋ ማይክራፎኗን ቆልፋ ነበር የምታስቀምጣት፤ መምህር ሲመጣ ታወጣለታለች፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ተከትላ ሄዳ ትቀበላለች። ሌሎቹ መምህራን እየመጡ ይወስዳሉ። ልጄስ?

"እሱማ መቼ ይመጣና" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ና ውሰድ ስለው፣ 'ለኔ ማይክ ምን ያደርግልኛል? እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ' ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው፣ አዳራሹን በድምፁ ይሞላው ነበር። መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማዋል። ኮሪደር ላይ እንኳ ይሰማል። በድምፁ ነው ማስተማሩን የማውቀው።"

ይህን ስትለኝ ገባኝ። እኛ አገር ገደል ነው። ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ልብሱን ትለየዋለህ፣ ሄደህ ልታገኘው ብትል ግን ወርደህ ስትወጣ ይመሽብሃል። ስለዚህ ሰው ጎረቤቱን የሚያነጋግረው ተጣርቶ ነው። ሠርግ የምንጠራው እንደዚያ ነው፣ የጠፋ በሬ የምንፈልገው እንደዚያ ነው። ልጄ አፋፍ ቆሞ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርደውን ሰው በስሙ ጠርቶ ያስቆም ነበር። ድምፁን የወረሰው ከኔ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሸሚዙ ላይ የምትሰካ ዕቃ ለመለመን ሰው ቢሮ አይሄድም። እኔም ብሆን አልሄድም። ተማሪው ሁሉ ሰምቶታል። ያልሰማው ካሜራው ብቻ ነው።

"ተማሪዎች አላመለከቱም?" አለ ረጅሙ።

"አመለከቱ እንጂ፣ ፈተና ሲደርስ። ወደ እናንተ ላክኋቸው።"

"እኛም ወደ እናንተ ላክናቸው።"

ልጄ እዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ሳቀ። የተማሪዎቹ ጀርባ ሲነቃነቅ ታየኝ፤ እነሱም ስቀዋል ማለት ነው። በምን እንደሆነ አላውቅም። ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናቱ የምትቆጣበት ነገር ነው። ልጄን አየሁት፣ በደንብ አየሁት፣ ሲራመድ አየሁት። ውስጤ ምንም አላለም። ሻይ አምጥተውልኝ ነበር፣ ጠጣሁ፤ ስኳሩ በዝቷል።

ረጅሙ ሰውዬ ወደ እኔ ዞረና፣ "አባባ፣ ገበሬ ነዎት አይደል?" አለኝ።

"ነኝ።"

"በሬ ያቀናጃሉ?"

"አንድ በሬ ነው ያለኝ። ከጎረቤቴ ጋር አቀናጃለሁ።"

"ይኸው! ሁለት ቤት በአንድ ጥማድ ሲያርስ። እስቲ ይፍረዱን። እናንተ እንዴት ነው የምትካፈሉት?"

"በሬው የየራሳችን ነው። ቀንበሩ የሱ ነው፣ ሞፈሩ የኔ ነው።"

"ጅራፉስ?"

"በጅራፉ እንጣላለን።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ለሳቅ አይደለም የተናገርኩት፤ በጅራፉ ከሰውዬው ጋር ስንጣላ ኖረናል፣ ዘንድሮም ተጣልተናል። ሳቁ ግን ጠቀማቸው መሰለኝ ወንበር ስበው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሥራውን እንዲህ ተካፈሉት። አንዳንዱ ቪዲዮ እሷ ጋ ነው ያለው፣ ስም አውጥታለታለች። የቀረው እሱ ጋ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት ተከምሯል፤ ስም ሳታወጣለት ልጄ ታመመና ቀረ። እሱ ቁጥሩን እየከፈተ ያሳያል፣ እሷ ሰሌዳው ላይ ያለውን አይታ የትኛው ትምህርት እንደሆነ ትነግረዋለች። ድምፅ መኖሩን የሚለዩት ደግሞ ሰምተው አይደለም፣ አይተው ነው። ከሥዕሉ ሥር መስመር አለ። ድምፅ የሌለው እንደ ክር ቀጥ ይላል፤ ድምፅ ያለው እንደ ገብስ ዛላ ጢም ያወጣል አሉኝ።

ክር፣ ክር፣ ክር ነው የሚመጣው።

"ይሄን ዘለልከው" ትለዋለች።

"አልዘለልኩም።"

"ዘለልከው፣ ተመለስ። አያያዝህን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ነው ፕሪንተራችንንም ያበላሸኸው።"

"ፕሪንተሩማ የክፍሉ ነው፣ እኔን አያገባኝም።"

"ባያገባህ ለምን ነካኸው?"

መብራት ጠፋ። ጨለማ አይደለም፣ ቀን ነው፣ ግን ኮምፒዩተሩ ጠፋ፣ ልጄም ጠፋ። "ምሳ ይብሉ አባባ፣ እንውሰድዎት" አሉኝ። እዚሁ እቆያለሁ አልኳቸው። እነሱም ሳይበሉ ቀሩ። ጥቁሩን መስታወት እያየን ሦስታችንም ተቀመጥን። ሴትዮዋ ጥግ ላይ ያለውን ቁምሳጥን አየችና፣ "እዚህ ቁጭ ብላለች፣ ፕላስቲኳ እንኳ በደንብ ሳይነሳ" አለች። ማይክራፎኗን ማለቷ ነው።

መብራቱ መጥቶ እንደገና ከጀመሩ በኋላ ረጅሙ ሰውዬ ድንገት፣ "አለ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። መስመሩ ጢም አውጥቷል። ሴትዮዋ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

መጀመሪያ የወንበር መንጓጓት መጣ። ከዚያ አንድ ሰው መናገር ጀመረ። ድምፁ ደረቅ ያለ መሬት በመጥረጊያ ሲጠረግ ይመስላል። ቃሉ ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ ይቀራል።

"ይሄ እሱ አይደለም" አልኩ። "ሌላ ሰው ነው፣ ተዉት።"

"እሱ ነው አባባ" አለች ሴትዮዋ። "ሥዕሉን ይመልከቱ።"

አየሁ። እሱ ነው። ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆሟል፣ ሹራብ ደርቧል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያ ድምፅ ይወጣል።

ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። "ያን ቀን መጥቶ ነበር። ረስቼው ነበር እኮ። በሩ ላይ ቆመና በእጁ ጉሮሮውን አሳየኝ። 'ዛሬስ ስጪኝ፣ ተሸነፍኩልሽ' አለኝ። አወጣሁለት። ስቄበታለሁ።" ወደ ሥዕሉ ዞረችና፣ "ከዚያ በኋላ ብዙም አላስተማረም" አለች።

እንግዲህ ይኸው ነው። ድምፁ ደህና በነበረበት ቀን ሁሉ ሳይቀረጽ ቀርቶ፣ የተቀረጸው ድምፅ ባጣበት ቀን ነው። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላል የአገሬ ሰው። ማዕከልም ክፍልም ተተክለው ነበር፤ ልጄ በአንዱም አልተንጠለጠለም። ይህን በሰዓቱ አላሰብኩትም፣ አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ። በሰዓቱ ያሰብኩት መኪና እንዳያመልጠኝ ነው።

ረጅሙ ሰውዬ፣ "ጠራ ላደርገው እችላለሁ" አለ። "ሻካራውን አወጣለታለሁ፣ ወፈር አደርገዋለሁ። ጤነኛ ያህል ይሆናል።"

"እንዳትነካው!" አለችው።

"ለእናት እኮ ነው የሚሄደው። እንዲህ ሆኖ ከምትሰማው?"

"ወፈር አድርገኸው የማን ድምፅ ሊሆን ነው? ያንተ?"

"ድምፅ የክፍሉ ሥራ ነውና አንቺው ወስኚ እንግዲያ።"

"እኔ አልወስንም።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዳለ ስጡኝ" አልኳቸው።

ስልኬን አዩት፤ ባለ ቁልፍ ናት፣ ከመደወል ሌላ አታውቅም። ቤት ሚሞሪ የሚበላ ራዲዮ አለን፤ አሊዩ አምባ ገበያ የሚነግድ ወዳጄ፣ "ወላሂ፣ ለዓይነ ስውር ከዚህ የተሻለ ጓደኛ የለም" ብሎ የመረጠልኝ ነው፣ ባለቤቴ መዝሙር ትሰማበታለች። ሴትዮዋ ድምፁን ብቻ ለይታ ሚሞሪ ላይ አደረገችልኝ። ሥዕሉን አልጫነችውም፤ ራዲዮ ሥዕል የለውም። በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ድረስ አስገባችልኝ። ረጅሙ ሰውዬ እስከ በሩ ሸኘኝ፣ ጥበቃው ተነስቶ ቆመ።

መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ልጄ መጨረሻ ላይ መደወል ትቶ ነበር። በጽሑፍ ነበር የሚልከው፤ "ሥራ በዝቶብኛል፣ ደህና ነኝ፣ እማዬን ሳምልኝ" ይላል። እኔ ፊደል እየለቀምኩ አነብላታለሁ። "ለምን አይደውልም?" ትለኛለች፤ "ሥራ በዝቶበታል ይላል" እላታለሁ። ሆስፒታል ገባ ብለው ሲነግሩን እኔ ብቻ ነበርኩ የሄድኩት፤ ስደርስ አፉና አፍንጫው ላይ የመተንፈሻ ዕቃ አድርገውለት ነበር፣ እጄን ያዘኝ እንጂ አልተናገረም። ይህን ድምፅ እሷም እኔም ሰምተነው አናውቅም። እንዳንሰማው ነበር የሚጽፈው።

አሁን ወስጄ ላሰማት ነው። የደበቀንን ነገር ከኪሴ አውጥቼ ልሰጣት ነው። ድምፅ የለውም፣ ማይክራፎን አላደረገም ብላት ውሸት አይሆንም፤ አንዱ ቪዲዮ ሲቀር ሁሉም እንደዚያው ነው። ሚሞሪዋ የጥፍር ያህል ናት፣ በመስኮት ብትጣል ማንም አያይም። ደብረ ብርሃን ስደርስ ይህን እያሰብኩ ነበር፣ ብርዱ መናኸሪያውን ይዞት ነበር፣ ሰው ሁሉ አፉን በጋቢ ሸፍኖ ቆሟል። ወደ አንኮበር የሚሄደው መኪና ውስጥ ገብቼም ይህንኑ አሰብኩ። እኔ ግን ለሷ ዋሽቼ አላውቅም፤ ደግነት አይደለም፣ አይሆንልኝም። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ነው የሚገባት።

የደረስኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አገኘህ?" አለችኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ ሳንባባል።

"አገኘሁ። ግን ደህና አይደለም።"

"ምኑ?"

"ስሚው።"

ራዲዮውን አጠገቧ አስቀምጬ ሚሞሪዋን ከተትኩና ከፈትኩት። ወንበሮቹ ተንጓጉ። ከዚያ እሱ መጣ፣ በዚያ በደረቀ ድምፅ፣ "እንደምን አደራችሁ" አለ። ባለቤቴ እጇን ራዲዮው ላይ አሳረፈች፣ ሰው ትኩሳት እንደሚያይ። ብዙ ሰማች። እሱ እኩሌታ ይላል፣ ሥር ይላል፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ይላል።

"ታሟል" አለች።

"አዎ።"

"ለዚህ ነው የማይደውለው።"

"ለዚህ ነው።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"ዛሬ ነው ያወቅሁት።"

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ጠበቀች፣ ሌላ የምጨምር እንደሆነ። ከዚያ ፊቷን ወደ ራዲዮው መለሰች።

ድምፁ ተቋረጠ። ራዲዮው ዝም አለ።

"አለቀ?" ብላ ደነገጠች።

"አላለቀም። ውሃ እየጠጣ ነው።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እዚያ ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ሳል ሲይዘው አንዲት ልጅ ከፊት ወንበር ተነስታ የያዘችውን ውሃ ሰጠችው።"

"ምን ዓይነት ልጅ ናት?"

"ቀጭን ናት። ጀርባዋን ነው ያየሁት።"

"እግዜር ይስጣት።" ቀጥላም፣ "ምን ለብሷል?" አለች።

"ሹራብ። አመድማ።"

"እኔ አላውቀውም ያንን። ቆሞ ነው?"

"ቆሞ ነው። ጠረጴዛውን ተደግፏል።"

"ይቀመጥ እንጂ!"

"ወንበር የለውም እዚያ። መምህር ቆሞ ነው የሚያስተምረው።"

"ታዲያ ለታመመ ሰው ወንበር የሚያመጣ አንድ ሰው ይጠፋል?" አለች። ተቆጥታ ነው፤ እኔን ነው የምትቆጣው። "ያ ሁሉ የተማረ ሰው ባለበት!"

ራዲዮው ውስጥ ልጄ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እሺ፣ የት ነበርን?" አለ። አንድ ተማሪ ከሩቅ መለሰለት፣ ምን እንዳለ አይሰማም። ከዚያ ሒሳቡን ቀጠለ።